ዜሮ ቀን

ተንደር ቤይ። ከሆኪው ሜዳ ጀርባ፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር
ጠረጴዛ አለኝ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ፤
መዝገብ አለኝ፣ ጥርሷ የረገፈ፣ ጉልበቷ ያበጠ
ቁማ የምትጠብቀው፣ ተራዋ እስኪደርስ።

የመዝገቡ ጥያቄ አጭር ነው፣ ሆድ አያባባም፦
የቱ አካል? ቀኝ ነው ግራ? በግጭት ነው በመውደቅ?
ከልምምድ ስንት ቀን ቀረች?
ቁጥር ብቻ። «ወይኔ» እዚህ ሣጥን አይገባም።

ብሪን፣ ግራ ጭን፣ ጡንቻ፣ ስድስት ቀን።
ግብ ጠባቂዋ፣ አውራ ጣት፣ ሦስት ቀን
(የመኪና በር ነው፣ ኳስ አይደለም፤ እሱንም ጽፌዋለሁ)።
መላው ቡድን፣ ሆድ፣ አንድ ሌሊት፤
የድራይደኑ ሆቴል ዶሮ።

ኖቬምበር አሥራ አራት።
አይላ ኮስኪ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ የኋላ መስመር፣
ከመስታወቱ ግድግዳ ተላተመች፤ ድምፁ
ንፋስ እንደወረወረው በር።
ተነሣች። ሳቀች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።
«ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?» ብላ ጠየቀች፤
ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እያለቀ ነበር።

አሰልጣኝ ዱንካን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤
ጎማዬ የፈነዳ ለት፣ በዚያ ውርጭ፣
ተንበርክኮ የቀየረልኝ እሱ ነው።
ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ራስ ምታት በለው» አለኝ፣
«ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ራስ ያማያመው ማን ነው?»

እሷም ቀና ብላ አየችኝ።
ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጆሮዬ ግን
በአማርኛ ተቀበለው፦ «እንዳትጽፍብኝ።»
እንደ ዕዳ። እንደ ክስ።

ጻፍኩ፦ ራስ ምታት። ዜሮ ቀን።

በኤፕሪል የዓመቱ ሪፖርት ወደ ሊጉ ሄደ፤
«የአንጎል ጉዳት» ከሚለው ረድፍ ትይዩ
ዜሮው ጉብ ብሏል፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ እንቁላል።
አመሰገኑን። «ከሁሉ ጤነኛው ቡድን» ተባልን።
እንቁላል ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤
የታቀፈው ካለ፣ ቀኑን ጠብቆ ይፈለፈላል።

ሐይቁ በረዶውን ከጣለ በኋላ፣ አይላ መጣች፤
ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጋ።
ሐኪሟ ጠይቋታል፦ የመጀመሪያው መቼ ነበር?
«አላስታውስም» አለች። «አንተ ጋ ይኖራል ብዬ ነው።»
ገለጥኩላት። ጣቷ በመስመሩ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣
ዜሮው ላይ ቆመ።
«ለምን አልጻፍክልኝም?»
አልጮኸችም።

አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው፤
ያኔ «ብኝ»፣ ዛሬ «ልኝ»።
ከ«ብ» እስከ «ል» ያለው መንገድ ስንት ቀን ይፈጃል?
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤
የሰው በሽታ የደበቀስ?
ተረቱ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል።

ደንቡ መፋቅ አይፈቅድም፤
ስሕተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር፣
ከጎኑ እርማቱ፣ ቀኑ፣ ፊርማ።
አሰመርኩ። ጻፍኩ፦
ግጭት። አንጎል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ።
ከማን ጋር እንደምትጫወት አታውቅም ነበር።
አይቻለሁ። ሰምቻለሁ።

«የቀረችበት ቀን» የሚለው ሣጥን ላይ
እጄ ቆመ። ዞሬ አየኋት።
በጣቶቿ መቁጠር ጀምራለች፤
ከስምንት በኋላ ጠፋት፤
እንደገና ከአንድ ተነሣች።
ብዕሬን እንደያዝኩ ጠበቅኋት።