ስኮርታ

ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት፣
የጂሎ ጎማ ቤት አለ፣ በቀን የሚጨልምበት፤
ጎማ በጎማ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚነካበት።
እዚያ ቆሜ ነበር፣ ቅዳሜ ረፋዱን፣
በዓይኔ እየበላሁ የጭቃ ጎማውን፣
ያንን ባለ ትልቅ ጥርስ፣ ጣት የሚውጠውን።

«ስንት?» አልኩት።
ጂሎ ዋጋ አይናገርም ወዲያው፣
ተንበርክኮ የድሮዬን ጎማ አየው፤
መዳፍ እንደሚያነብ ሰው፣ በአውራ ጣቱ
ዳበሰው፣ ጠጠር ለቀመ ከስንጥቃቱ።
«ይኼን የበላው አስፋልት ነው፣ መሐሉ ነው ያለቀው፤
ጭቃ የሚያውቅ ጎማ እንዲህ አይደለም የሚያልቀው።
ወዴት ወዴት ነው መንገድህ?»

ቆጠርኩለት።
ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አዲስ አበባ፣ በፈጣኑ መንገድ፣
ሽንኩርት ጭኖ መውጣት፣ ባዶ ሣጥን ይዞ መውረድ፤
አልፎ አልፎ ወለንጪቲ፣ እሱም ቢሆን አስፋልት።
«ጭቃስ፣ ደርቤ?»

ጭቃማ አንድ ሌሊት ነው።
ካቻምና ነሐሴ፣ ከዴራ ወዲያ ማዶ፣
የሚስቴን እህት ምጥ ይዟት፣ ዶፉ ወርዶ፣
ዋልካው እስከ ቸርኬ ውጦን፣ ጎማው በባዶ ሲዞር፣
እሷ ከኋላ ወንበር ስሜን ጠርታ ስትረግም፣ ስትማረር፣
እኔ በጉልበቴ ጆንያ ሳነጥፍ ከጎማው ሥር።
በሬ ጠምደው ሲያወጡን ነግቷል፤
ልጁ ግን አልጠበቀም፣ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተወልዷል።
ስሙ ናሆም ነው፣
እኛ ጭቃ ሹም ነው የምንለው።

ጂሎ ሳቀ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«ታዲያ ለአንድ ሌሊት ብለህ
ዓመት ሙሉ ናፍጣ ልታስበላ ነው? ጆሮህን ልታስጮህ?
ይኼ ጥርስ አስፋልት ላይ ሲያጉረመርም ይውላል፣
ዝናብ የነካው መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፣
ሳይከርም ጠርዙ ተበልቶ እንደ መጋዝ ይሆናል።
ለስላሳውን ውሰድ።»

«ሁለቱንም የሚችል የለም?»
«መሐለኛው አለ። ግን እወቅ፣
እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»
«የኔዋ እኮ አራት አላት» አልኩት።
አልሳቀም።

መሐለኛውን ወሰድኩ፣ አራት፤
መሐሉ ጥርሱ ጠበቅ ብሎ ለአስፋልት የተሠራ፣
ትከሻው ላይ ብቻ፣ ትንሽ፣ ለጭቃ የሚኮራ።
ገንዘብ ቆጥሬ ጨርሼ፣ እግሬ ከደጁ እምቢ አለኝ።
ያንን ባለ ትልቅ ጥርስ፣ አንዱን፣ ለስኮርታ ጨምርልኝ።
«አንድ ጎማ ከዋልካ አያወጣህም» አለ።
አውቃለሁ።
አሰረልኝ።

አሁን የክፍያ ጣቢያውን አልፌ ስፈጥን
ከሥሬ የሚሰማኝ እንደ ሩቅ ቀፎ ነው፣ ያን ያህል፤
ሬዲዮ ከከፈትኩ ይጠፋል።
ስኮርታው ግን ከሆዷ ሥር ተንጠልጥሎ፣
መሬት ሳይነካ፣ አቧራ ብቻ ተቀብሎ፣
አዳማ ደርሶ ይመለሳል፣ ሞጆ ደርሶ ይመለሳል።

እሁድ እሁድ፣ ደጃችን ስትቆም፣
ጭቃ ሹም በደረቱ ተስቦ ከሥሯ ይገባል፤
በየጥርሱ መሐል ጣቱን እየከተተ
እስከ አራት ይቆጥርና፣
አምስትን ስለማያውቅ፣ እንደገና ይጀምራል።