የግንቡ ቁልፍ

በባስክ ሸለቆ፣ አሥር ሰዓት ሲሞላ፣
ልጆች ተግተልትለው ከወጡ በኋላ፣
የትምህርት ቤቱ በር ጥርቅም ይል ነበር፤
የፔሎታው ግንብም ብቻውን ሊያድር።

እኛ የክበቡ፣ ኳስ ነበረን እንጂ
ግንብ አልነበረንም፤ በካርታ ቀን ፈጂ።
በዋንጫዎቹ ላይ አቧራ ሲከመር
በየሆዳችንም ቦርጭ ይከመር ነበር።

ነርሷ ኔካኔ ደማችንን ለካች፤
ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ሦስት ጤነኛ አገኘች።
ክኒን አላዘዘች፤ መስኮቱን ከፈተች፤
“ለመሆኑ ያ ግንብ የማን ነው?” ጠየቀች።

ርዕሰ መምህሯ ለመስታወት ፈራች፤
“ኢንሹራንስስ?” አለች፤ “ኃላፊነትስ?” አለች።
ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ፤
በመጋቢት ወር ላይ፣ በአንድ ረቡዕ ማታ፣
ዘበኛው ኤናውት፣ ምንም ሳይናገር፣
ቁልፉን ሰቀለልን ከክበቡ ማገር።

አሰልጣኜ ማይደር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤
“ጉልበትህን እጠፍ፣ ኳሱን ቀድመህ እየው፤
አታናድደኝ ኮልዶ!” ትለኛለች ጮኻ፣
ያበጠ መዳፌን ስነክረው ውሃ።
እኔም በፈንታዬ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
ኳስ መስፋት አሳየሁ፣ ሌጦውን ዘርግቼ።

ስኳሬስ? ጥቂት ነው፤ ከላይ ላይ ተገፈፈ፤
አንድ መስታወት ግን በኔ ኳስ ረገፈ።

ዋጋውን ልከፍል ከቢሮዋ ደረስኩ፤
ወንበሯ ባዶ ነው። ወደ ግቢው ዞርኩ።
ኮቷ ከአጥሩ ላይ፣ መዳፏ ቀልቷል፤
ኳስ ከግንቡ ጋራ ጧ! ጧ! ይባባላል።