ዓይነ ደረቅ

ከንጋቱ አሥራ አንድ፤ ጠባሴ ጨለማ ነው፤
ከዶሮ ቀድሞ የሚያነቃኝ የገዛ ዓይኔ ነው።
ቆቡ ከብሌኑ ተጣብቆ ያድራል፤
ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ፣ ስከፍተው ሲጥ ይላል።
(ሲጥታውን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።)
ወሰንየለሽ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክራ
ታቀብለኛለች፣ እንቅልፏን ከፍላ፣ ሳልጣራ፤
እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቴን ሰቅዬ ወደ ጣራ
ጠብታዬን አንድ ለቀኝ፣ አንድ ለግራ።

ሐኪሟ ስሙን ስትነግረኝ ሳቄ መጥቶ ነበር፤
«ሰው ሠራሽ እንባ» አለችኝ። ኧረ በእግዜር!
«እንባዬን አብስልኝ» ተብሎ በሚሳልበት አገር
እኔ ደረሰኝ አስቆርጬ እንባ ስገዛ ልኖር?
እሱም ቢሆን ይጠፋል፤ እንደ ናፍጣ ቀን አለው፤
«ሰኞ ብቅ በል» ትለኛለች ፋርማሲስቷ፣ «ያለቀው ትናንት ነው።»

ነፋሱ ግን ሰኞ አይልም።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ማዶ አቧራ አዝሎ ይጠብቀኛል፤
መስታወት ብዘጋበት በፔዳሉ ቀዳዳ ይገባብኛል።
የጥቅምት ፀሐይ አይሞቅም፣ ብርሃኑ ግን ስለት፤
ለዚህች ከተማ በብርሃን ስም ያወጣላት
ዓይኑ ጤነኛ ነበር። እኔን ቢጠይቁኝ ሌላ ባልኳት።

መንገድ ላይ ማርገብገብ እረሳለሁ። አስፋልቱ ላይ እንደ ተተከልኩ እቀራለሁ።
ረዳቴ ምንተስኖት «ወራጅ አለ!» በሚልበት ጉሮሮ
«ጋሼ፣ አርገብግብ!» ይላል፣ በሩን እየመታ እንደ ከበሮ።
አዲስ ተሳፋሪ ይደናገራል፤ በመስታወቱ ቅላቴን ያይና
ለጎኑ ያንሾካሹካል፦ «ሲጠጣ ያደረ ነው።»
አረቄ ከተውኩ አራት ፋሲካ አለፈኝ።
መድኃኒት ግን ማንም አያጣም፤ አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ»፣
አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች። ዓይኔን ዓይን በላው እንግዲህ።
አልመልስም። እንዴት ብዬ ላስረዳ፣
አሸዋ አለ፣ ብታዩት ግን የለም ብዬ?

ባለፈው ሰኔ ታላቄ አጥናፌ ሞላሌ ሲቀበር
ደረቴን ደቃሁ፣ ጮኽኩ፣ ድምፄ እስኪሰበር፤
ጉንጬ ግን ደረቅ። አንዲት ዘለላ። የለም።
አክስቴ የሻመቤት በነጠላዋ ጠርዝ አፏን ከልላ
«ዓይነ ደረቅ!» አለች፣ ስድቡን ከለቅሶዋ ጋር ቀላቅላ።
ልክ ናት። ሐኪሟም ካርዴ ላይ የጻፈችው ያንኑ ነው፤
አንዷ ነውሬን፣ አንዷ ሕመሜን ነው የጠራችው።

በሠልስቱ ማግስት፣ መናኸሪያ፣ ተራ ስጠብቅ
ነፋሱ አንድ እፍኝ አቧራ በተነብኝ፤
ዓይኔ ተዘረገፈ። ጢሜ እስኪርስ፣ ኮሌታዬ እስኪርስ።
ለአጥናፌ ያልወረደው ለአቧራ ወረደ።
ተራ አስከባሪው ሰምቶ ኖሮ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ
«አይዞህ» አለኝ፣ «እግዜር ያጥናህ።»
ነፋሱ ነው አላልኩትም።
«አሜን» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጅ እንደሚቀበል።

ዛሬ ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤
ተሳፋሪው ጸጥ ብሏል፣ አንዱ ውዳሴ ማርያም ያነበንባል።
ጉም ለሾፌር ሞት ነው፤ አላጣሁትም።
መብራት አብርቼ፣ ክላክስ እያሰማሁ፣ በአንደኛ ማርሽ እየዳሁ፣
ግራ እጄን ሰድጄ መስታወቱን ዝቅ አደርጋለሁ።
ይገባል። ቀዝቃዛ፣ ዝምተኛ፣ ደረሰኝ የሌለው፣
ቆቤን ከብሌኔ በቀስታ የሚያላቅቀው።
አሸዋው ይሟሟል።
ዓይን እንዳለኝ እረሳለሁ።

«ሾፌር፣ መስታወቱን! ሕፃን ይዣለሁ» ትላለች አንዲት እናት ከኋላ።
እውነቷን ነው።
እስከ ዋሻው አፍ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዘጋሁት።
ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ወዲያ የሸዋ ሮቢት ወበቅ፤
የደረት ኪሴን ዳበስኩ፣ ብልቃጧን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት።
ትንሽ ትንቦጫረቃለች።
«ጋሼ፣ አርገብግብ!»