ሰባት ነጥብ ሁለት

ከመሪው በስተቀኝ፣ ከመሳቢያው ሆድ ውስጥ፣
አንድ መጽሐፍ አለ፣ ገጹ የሚያብለጨልጭ፣ ቃሉ የማይናወጥ፦
«መቶ ኪሎሜትር ሲሄድ ይህ መኪና፣
ሰባት ነጥብ ሁለት ሊትር ነው የሚጠጣው» ይላል፣ በትሕትና።

ማን ነው የለካው ግን? በየትኛው አገር? በማን ጥላ ሥር?
ማቀዝቀዣው ጠፍቶ፣ ያለ ሰው፣ ያለ አሸዋ፣ ለብቻው ሲበር?
እኔ የማውቀው አል ዐይንን ነው፤ በሰኔ፣ ገና በረፋድ፣
የመሪው ቆዳ መዳፍ ሲልጥ፣ የቀበቶው ብረት ሲነድ፤
ከኋላ አንዷ «በረደኝ» ስትል፣ አንዱ «ሞቀኝ» ብሎ ሲያለቅስ፣
ሞተሩ ቆሞ እየሠራ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደርስ።
እዚያ ላይ ነው ሰባት ነጥብ ሁለት
ቀልጦ፣ አስፋልት ላይ ፈስሶ፣ አሥራ አንድ የሚሆንበት።

አቡ ሙባረክ ደረሰኝ ቆጠሩ።
ጨዋ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ሲናገሩ።
«ይመር፣ መጽሐፉ ሌላ ይላል፣ ደረሰኙ ሌላ፤
ቤንዚኑን መኪናው ነው የጠጣው? ወይስ…» ብለው ተዉት፤
ቀሪውን ቃል ይዤው ሄድኩ፣ ማታ ከሩዜ ጋር ልበላ።

«ሌባ» ቢሉህ ትሟገታለህ፤
ሳይሉህ ያሉህ እንደሆነስ ከማን ጋር ትቆማለህ?
አባቴ ባቲ ገበያ ላይ ጨው መዛኝ ነበረ፤
ሚዛኑ እንዳያጋድል ትንፋሹን ይዞ ነው የኖረ።
እኔም ከበቃላ ደብተር ገዛሁ፣ በሁለት ድርሃም፤
ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎሜትር፤ አንድም ጠብታ አላለፈኝም።
ማደያ ላይ የሚቀዳልኝ ሻፊቁል ስጽፍ ሲያየኝ ይስቃል፤
«ልጅህ ዛሬ ስንት ጠጣ?» ይለኛል፤ «ጡት መቼ ይጥላል?»

እሑድ፦ አሥር ነጥብ አራት። ሰኞ፦ አሥራ አንድ ከምናምን።
አቡ ዳቢ ደርሶ መልስ፣ በመቶ አሥር ጸጥ ብሎ ሲነዳ፦ ስምንት፤ አላመንኩም ዐይኔን።
ተርቦ ማለት፣ አለኝ ጉል ዘማን መካኒኩ፣ ጭስ የሚያሽከረክራት፣ ቡጢ የምታህል ማራገቢያ፤
ቀስ ያለ እግር ሲረግጣት ረመዳን ናት፤ ቸኳይ ሲረግጣት የዒድ ገበያ።

ዓርብ፦ አሥራ ዘጠኝ።
ደግሜ አካፈልኩት፤ መልሶ አሥራ ዘጠኝ አለኝ።
ፈጅር ላይ ስወጣ የሞተሩ ክዳን ገና ይሞቃል፤ ጎማው የተቃጠለ ሽታ አለው፤
ቆጣሪው ሰባ ሁለት ኪሎሜትር ጨምሯል፣ ማንም ያልጻፈው።
ከግቢው በላይ ጀበል ሐፊት መብራቱን እንደ መቁጠሪያ ጠምዝዞ ቆሟል፤
ሙባረክ ደግሞ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሌሊቱ ይረዝምበታል።

በወሩ መጨረሻ አቡ ሙባረክ ደብተሩን ተቀበሉ፤
መነጽር አድርገው፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስከተሉ።
ዓርብን በቀይ አልጻፍኩትም፤ እሳቸው ግን አገኙት፤
አራት ዓርብ፣ አራት አሥራ ዘጠኝ፤ ጣታቸውን እዚያው ረሱት።
«ሙቀቱ ነው፣» አሉ ቆይተው፤ «ሙቀት ብዙ ያስጠጣዋል።»
«አዎ፣ ሙቀቱ ነው፣» አልኩ። ሁለታችንም እናውቃለን፣
ሌሊት ተራራው ላይ ይነፍሳል።
ደብተሬን መለሱልኝ፤ «ወይስ…» ያሏትን ግን አልወሰዷት፤
ከተዘጋ ሒሳብ ሥር እንደ ሳንቲም ቀረች፣ ማንም ሳያነሳት።

እኔም ወረቀት ነበረኝ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደላላው ያነበበልኝ፤
«በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት» የሚልልኝ።
ያንንስ ማን ለካው? በየትኛው ጥላ ሥር?

ጉል ዘማን አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ «ደርሰህ ቶሎ አታጥፋው፤
ሞተሩ ቢቆምም ተርቦዋ ትሽከረከራለች፤ ግለቷ እስኪበርድ አንድ ደቂቃ ታገሠው።»
ስለዚህ ማታ፣ ልጆቹ ገብተው፣ የግቢው በር ተዘግቶ፣
እቀመጣለሁ ከመሪው ኋላ፣ የሰው ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ።
የትም የማያደርስ ቤንዚን፤ ዜሮ ኪሎሜትር፤
ለምንም የማይካፈል ሊትር።
አባቴ ይቅር ይበለኝ፤ ያችን ደቂቃ አልጽፋትም፤
ከቀኑ ሁሉ እሷ ብቻ የኔ ናት፤ ትፍሰስ፣ አልቆጥራትም።