ጥላና አካፋ

ሽማግሌ ሊሆን በተመረጠ ለት፣
ወንበር ተዘጋጅቶ፣ ጨርቁ ተነጥፎለት፣
ጋሽ ኢተፋ ጠፋ። ሕዝቡ ይጠብቃል፤
የጅማ ሐምሌ ነው፣ ጣራውን ይወቃል።

ጥላ ይዤ ወጣሁ፣ እንዳይረጥብ ሱፉ፤
አገኘሁት ቆሞ ካዌቱ አፋፉ፣
ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ፣
ከጎርፍ ሲያወጣ የነፊሳን ዕቃ።

«ጋሼ፣ ሊጀመር ነው፤ መዝሙሩም አለቀ።»
ጥላዬን አየና ለብቻው ሣቀ።
«እሱን ለሷ ስጣት፤ ከልጇ ጋር ትግባ፤
አንተ አካፋ ያዝ፣ ጎርፉ እንዳይገባ።»

ሁለት ሰዓት ቆፈርን፤ መዳፌ ተላጠ፤
ሹመቱን ባነሣ፣ ወሬውን ለወጠ።

ስንመለስ መሽቷል፤ ተይዟል ያ ወንበር፤
የነፊሳ ሕፃን ተኝቶበት ነበር፣
ጨርቁን ተከናንቦ። እንዳይቀሰቅሰው
ጋሽ ኢተፋ ቆመ፤
«አሜን» በለሆሳስ አለ ያ ሁሉ ሰው።