በእግር የሚሰማ

ከላዬ የሚኖር ዮስት የሚባል ሰው
በበሬ ሥር ወረቀት አሾልኮ ተወው፤
«ሙዚቃህ አልጋዬን ይነቀንቀዋል፣
ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እባክህ ይበቃል።»
ትሕትናው ነው የቆረጠኝ። ስድብ ይሻል ነበር፤
ለስድብ መልስ አላጣም፣ ለ«እባክህ» ምን ይነገር?

ቅዳሜ፣ ሮተርዳም ዝናብ እያካፋ፣
በአሮጌ ዕቃ ገበያ ሰው እየተጋፋ፣
በቆመ ሰዓትና በመጥበሻ መሐል
አንድ ጥቁር ማዳመጫ
እንደ ሁለት ድስት ክዳን ተደፍቶ ይታያል።
«ስልሳ» አለኝ ሻጩ። «አርባ» አልኩት። ሣቀ።
በአርባ አምስት ዩሮ ነገሩ አለቀ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምራል ይሉ የለ፤
ራሴ ላይ ሲወጣ ክብደቱ አየለ።
መጀመሪያ ጸጥታ። የትራሙ ሲጥታ፣
የሕፃኑ ለቅሶ፣ የብስክሌት ቃጭል፣
ሁሉም ዝም ላንዳፍታ።
ከዚያ ቤዙ መጣ።
መምጣት አይባልም፤
እንደ ስሚንቶ ከረጢት ከመኪና ላይ ተወረወረ፣
መነጽሬን ነቀነቀ፣ መንጋጋዬን ዞረ፣
ሐኪም የሞላልኝን ጥርስ ሳይቀር ነዘረ።

ዘፋኟስ? አለች፤ ግን ከመጋረጃ ጀርባ፣
እንዳፈረች እንግዳ፣ «ግቢ» ቢሏት የማትገባ።
ማሲንቆው ከሩቅ ነው፣ እንደ ሰው ጉዳይ ነው፤
ሲምባሉን አልጠይቅም፣ የት እንዳደረሰው!
ጆሮዬ በላብ ራሰ፣ አናቴን ጨመቀኝ፣
ጉድለቱን ስቆጥር ጣቴ አለቀብኝ፤
ግን ወደድኩት። ለምን? እንጃ።
ጭንቅላቴ ውስጥ ምሰሶ የተተከለ መሰለኝ፣
ሰው ደክሞት የሚደገፈው።

በባቡር ጣቢያው ምድር ቤት ጎማ እየለጠፍኩኝ
አለቃዬ ማርሌን ሦስቴ ጠርታኝ ደከመች፣
በአራተኛው ትከሻዬን በመፍቻ ጀርባ ነካች።
ዮስትም ደረጃው ላይ አውራ ጣቱን አሳየኝ።
ሰላም ወረደ ማለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዘፈን ስቀይር፣ በሬ ተንኳኳ።
የታች ቤቷ ሄንድሪኬ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣
በሌሊት ልብሷ ላይ የዝናብ ካፖርቷ።
«ታመሃል?»
«ኧረ ደኅና ነኝ።»
«ታዲያ ሞተሩ ለምን ቆመ?»

በአሸዋ ጀልባ ውስጥ፣ ወንዝ ላይ ነው ያደገች፤
ከፍራሿ ሥር ሞተር ሲያጓራ ነው የተኛች።
ሞተር ሲሄድ እንቅልፍ፣ ሞተር ሲቆም ንቃት፤
ሌሊት ከቆመ ደግሞ፣ ወይ ጭጋግ ነው፣ ወይ ሞት።
«ዘጠኝ ዓመት» አለች፣ «በአንተ ዱብዱብ ተኛሁ፤
ይኸው ሃያ ሌሊት ጣራ ሳይ አነጋሁ።»

ምን ልበል? አውልቄ አጠለቅኩላት፤
ነጭ ፀጉሯ ላይ ጥቁሩ ከበዳት።
ዓይኗን ጨፈነች፣ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣
ቆየች። ቆየች። «አይ፣ ይኼስ አይደለም።
ጆሮ ላይ ይጮኻል እንጂ ወደ ታች አይወርድም።
ሞተር በእግር ነው የሚሰማ።»

ሃያ ቀን ሙሉ ስም ያጣሁለትን ጉድለት
አሮጊቷ በር ላይ ቆማ አገኘችለት።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ፣ ዮስት ለፈረቃ ሲወጣ፣
አሮጌውን ስፒከር ከቁም ሣጥን አወጣና
በግንባሩ ወለሉ ላይ እደፋዋለሁ።
ቤዙን ብቻ እለቃለሁ፤ ዘፋኟ ብትቀር ትቅር።
ከታች ቤት መብራት ይጠፋል።
እኔም ካልሲዬን አውልቄ
እቆማለሁ።