የለጋ ያመጣል

ሜዳ ነው ይሉታል፤ ሜዳ ግን አይደለም፣
ደሴ ላይ እንደሁ ደልዳላ ቦታ የለም፤
ከጦሳ ግርጌ ነው፤ አንዱ ጎል ድንጋይ፣ አንዱ ጎል ጫማ፣
ከጫማው ወዲያ ገደል፣ በጉም የተቀማ።
ኳሷም ሦስቴ ተጠግና አራተኛ የፈነዳች፣
እኔው ነኝ የሰፋኋት፤ ሲንጀሬ ታውቃታለች።
ገደል ከገባች ግን ሕጉ አንድ ነው፣ አጭር፦
የለጋ ያመጣል። የለውም ክርክር።

የእህቴ ልጅ ይማም ወደ እኔ ሲመጣ፣
አፉን ዘግቶ ነበር፤ በእጁ ነው የሚቆጣ፤
ይነክሳል፣ ይማታል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣
ማታ ከአልጋው ወርዶ በሩ ሥር ያድራል።
እናቱን ቀብረናት በጋው ተገባደደ፤
ስሟን ብጠራለት ብድግ ብሎ ሄደ።
ዱዓ አስደረግኩለት፣ መከርኩት፣ ለመንኩት፣
ከረሜላ ገዛሁ፤ አንድ ቀንም መታሁት።

ዛሬም ታሳፍረኛለች ያቺ የመታች እጄ።

ሉባባ መጣች፤ አምበሏ፣ የአስራ አንድ ዓመቷ፣
ጭቃ የደረቀበት ቁርጭምጭሚቷ፤
"በረኛ አጣን እኮ" አለችኝ ደጅ ቆማ፣
"በር ሥር የሚያድር ልጅ አለ ሲሉ ሰማሁማ!"
ልስቅ ነው ላለቅስ? አላወቅሁም ያኔ፤
በር ሥር የሚያድረው ልጅ በረኛ ሆነ፣ የኔ።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ጎል ገባበት፤
ይናከሳል ብዬ ነው ከጥግ የቆምሁበት።
ስድስተኛው ሲገባ ኳሷ ገደል ወርዳ፣
ሁሉም ወደ እሱ ዞረ፤ ዝም አለ ሜዳ።
የለጋው ፈንታው ነው፤ ሕጉም የታወቀ፤
ፈንታው ሊወርድ ሲል ግን አንድ ድምፅ ዘለቀ፦

"እኔ አመጣታለሁ።"

ሁለት ቃል! ስንት ወር የጠበቅሁት ሁለት ቃል፤
ቀና ስል ጀርባው ብቻ በጉም ውስጥ ይወርዳል።
ቆየ። በጣም ቆየ። ልቤ ጠፋብኝ፤
ሉባባ ሻርፔን ጨምድዳ ያዘችብኝ፦
"ተይው እትዬ፣ አብሽሪ፤ ገደሉ ነው የሚያዋጣ፣
ሁላችንም እዛ ነው አልቅሰን የምንመጣ።"
ለካ ፈንታው ባለፈው ግማሽ ሰዓት የቆየው
ኳሷ ጠፍታው አይደለም፤ ማንም እንዳያየው።

ይማም ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ኳሷን ታቅፏል።
"የት ቆየህ?" ያለው የለም። ጨዋታው ቀጥሏል።
ሰባተኛው ገባ።
ስምንተኛውን ያዘ።

ከዚያ ወዲህ መስኮት ከፍቼ ነው የምሰፋው።
ኳስ ጫማ ላይ ብታልፍ ጎል ነው፣ አይደለም ነው፤
ዳኛ የለ፣ አባት የለ፤ ራሳቸው ናቸው፤
እንደ አገር ሽማግሌ ቁጭ ብለው ይሟገታሉ፣
ካልተስማሙ ደግሞ ሪጎሬ ይላሉ።
ከዕረፍት ሲመለሱ ጎል ይለዋወጣሉ፤
ቁልቁል የተጫወቱ ዳገት ይወጣሉ።
ይህን ማን ነገራቸው? መምህር? ወይስ መጽሐፍ?
ተራ አለው ይላሉ መሸነፍ፣ ማሸነፍ።

ሐምሌ ላይ የሰኞ ገበያ ልጆች ለግጥሚያ መጡ፤
አራት ለባዶ ረቱን። የኛዎቹ እንባ እየዋጡ
እጅ ሊጨብጡ ሄዱ። ይማምም ጨበጠ፤
ያ ይናከስ የነበረ ልጅ ጥርሱን ገለጠ።

አሁንም ይቆጣል። አላልኩም ተፈወሰ፤
ትናንትም ለአንዲት ጎል በር መትቶ አለቀሰ፤
ግን ማንንም አልነከሰ፤ ቁጭ አለና፣
"ተናድጃለሁ" አለኝ፤ ንዴቱን በስሙ ጠራና
እራቱን በላ።

ከእራት በኋላ ጓንቱን ልጥፍለት ያዝኩ፤
የሱፍ ነው፣ የእናቱ፤ ዝም ብዬ ክር ሳብኩ።
መርፌው ላይ አፍጥጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
"የኡሚ ጣት ቀጭን ነበር" አለኝ፣ "ለኔም ልኬ ነው።"

ሌሊት በሩን ሳይ ባዶ ነው ምንጣፉ፤
በረኛው አልጋው ላይ ነው፤ ገርበብ ብሏል አፉ።